የማንን መብራት እናብራ?

አጎቴ ባለ አራት ጎማውን ሞተር የገዛው ፈረንጆች ያቋቋሙት አንድ የእርሻ ፕሮጀክት ተዘግቶ ንብረቱ በጨረታ ሲሸጥ ነው። ሌላው ሰው ጠረጴዛና የጽሕፈት መኪና ሲሻማ እሱ ማንም ያልፈለገውን ነገር ይዞ መጣ። ሞተር ብስክሌት እንዳይባል አራት ጎማ አለው፤ መኪና እንዳይባል በርም ጣሪያም የለውም። መሪው ግራና ቀኝ እንደ ቀንድ የወጣ ስለሆነ የላፍቶ ልጆች «በሬው» አሉት፤ ስሙም በዚያው ጸና።

በሬው የፊት መብራት አልነበረውም። የተሠራው ቀን ቀን ማሳ ለማሳ እንዲዞር ነው። የአጎቴ ሥራ ግን ገና ሳይነጋ የሚጀመር ነበር። ጓሯችን ያሉትን የፈረንጅ ላሞች አልቦ፣ ወተቱን በቢዶን ሞልቶ፣ ነፋስ ስልክ ቁርስ ቤት ላላት አንዲት ሴት ያስረክባል። ደንበኞቿ ፋብሪካ ገቢ ሠራተኞች ስለሆኑ ወተቱ ከእነሱ ቀድሞ መድረስ አለበት። ድሮ በአህያ ሲጭን ይደርስ ነበር፤ አህያዋ ጨለማውን ታውቀዋለች። አህያዋን ሸጦ በሬውን ካመጣ በኋላ ግን ጉድጓዱ እስኪታየው ድረስ ጎህ መጠበቅ ግድ ሆነበት። እንዲህ አድርጎ ፈጣኑ መጓጓዣ ወተቱን ማዘግየት ጀመረ።

አንድ ጠዋት ሴትየዋ ቢዶኑን እየተቀበለች፣ «ጋሼ፣ እኔ ሰው ማስቀየም አልወድም» አለችው። «ግን ሰዉ ማኪያቶ ሲለኝ ወተቱ መንገድ ላይ ነው እያልኩ እስከ መቼ? ያንተን አህያ የገዛው ሰውዬ በየቀኑ ወተት ላምጣልሽ እያለ ይለምነኛል። የሚቀጥለውን ሳምንት አይቼ እወስናለሁ።»

አጎቴ ከእሷ ሌላ ይህን ያህል ወተት የሚወስድለት ሰው አልነበረውም። እሷ ከቀረች ላሞቹ ይሸጣሉ። ላሞቹ ከተሸጡ ደግሞ እሱ ምን እንደሚሠራ፣ እኔም ከማን ቤት እየወጣሁ እንደምማር አይታወቅም።

ያን ቀን ማታ ከክፍል ስመለስ በሬው አጠገብ ቆሞ ጠበቀኝ።

«ኢንጂነሩ፣ መብራት ትገጥምለታለህ አይደል?»

ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ገና ጥቂት ወራት ነው፤ ኢንጂነር ለመባል ብዙ ዓመት ይቀረኛል። ይህን በትሕትና ልገልጽ አፌን ስከፍት የወጣው «እሺ ጋሼ» ነው። በማግስቱ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ስለ ባትሪና ስለ ዲናሞ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። በሬው ላይ የተጻፈውንም አየሁ። ዲናሞው ትንሽ ነው፤ አንድ ደህና መብራት ይችላል፣ ሁለተኛ ሲጨመርበት ባትሪው ያልቃል። ስለዚህ አንድ መብራት ከሶማሌ ተራ ገዝተን እንድንገጥም ነገርኩት። አጎቴም፣ «ተምረሃል» አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ለግዢ ስንወጣ ጎረቤታችን ጡረተኛው ሹፌር በራቸው ላይ ጋቢ ለብሰው ቆመዋል። ዕድሜያቸውን በሙሉ በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና የነዱ ሰው ናቸው።

«ወዴት ነው በጠዋቱ?»

«ለበሬው መብራት ልንገዛ» አላቸው አጎቴ።

«ትገዛለህ? እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ?» ገብተው በጋዜጣ የተጠቀለለ አንድ ትልቅ መብራት ይዘው ወጡ። «ይሄ የዳናክልን በረሃ ያየ ነው። የላፍቶ ጉድጓድ ምን ይለዋል?»

አጎቴ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበለ። የከባድ መኪና አምፖል ለሃያ አራት ቮልት የተሠራ ስለሆነ በእኛ ባትሪ እንደ ጧፍ ነው የሚበራው። ግን እሳቸው ፊት እንዲህ ያለ ነገር አይነሳም። አምፖሉን ብቻ በኋላ ቀስ ብዬ ቀየርኩት፤ ቆርቆሮውና መስታወቱ የእሳቸው ሆኖ ቀረ።

የሰፈራችን ወሬ ከበሬው ይፈጥናል። ማታውኑ ባለሱቁ ከነካርቶኑ ያልተከፈተ ቢጫ ፓውዛ ይዞ መጣ። መኪና ሊገዛ ሲያስብ ቀድሞ የገዛው መብራት ነው፤ መኪናው ገና አልመጣም።

«ጋሼ፣ ሱቄ ደጃፍ እያለፍክ የሌላ ሰው መብራት ብቻ ልታበራ?» አለ። «መኪናዬን እስክገዛ ይሥራበት። ጭጋግ እንደ ቢጫ የሚፈራው የለም።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ የአጎቴ የንስሐ አባት መጡ። ከአደጋ የተረፈ አንድ ባለመኪና በስለት ያስገባው መብራት ቤተ ክርስቲያን ሲሸጥ ለበረከት ብለው የገዙት ነው። በነጭ ጨርቅ ጠቅልለውታል። «ብርሃን ይሁንልህ ልጄ» ብለው በእጁ አኖሩለት። የንስሐ አባት የሰጡትን ብርሃን ዲናሞው አይችልም ብሎ የሚመልስ ሰው ካለ እኔ አላየሁትም።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ገጠምኩ። የሹፌሩ በግራ፣ የባለሱቁ በቀኝ፣ የአባ መሐል ላይ። ሁሉንም አንድ ላይ ስናበራቸው ግቢው ለአንድ አፍታ ቦግ አለ፤ የአጎቴ ሚስት እልል ብላ ሳትጨርስ ሦስቱም እንደ ከሰል ፍም ቀሉ።

«አንዱን ብቻ ነው የሚችለው ጋሼ» አልኩ። «ሁለቱን እናውልቅ።»

«እሺ፣ አውልቅ።»

ጉጠቱን አነሳሁ። «የማንን?»

አጎቴ ወደ ሹፌሩ አጥር አየ። ወደ ሱቁ አየ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑም አየ። ከዚያ ላሞቹን ሊያይ ወደ ጓሮ ሄደ።

መፍትሔውን ያገኘው ሲመለስ ነው። ሹፌሩ ከድሮ ልማዳቸው የተነሳ በውድቅት ተነስተው በራቸው ላይ ይቆማሉ። ባለሱቁ ዳቦ ለመቀበል ሳይነጋ ይከፍታል። አባ ለኪዳን ጸሎት በዚያው ሰዓት ይወጣሉ። ሦስቱም መንገዳችን ላይ ናቸው፤ ግን አንዱ ካለበት ሌላው አይታይም። «ለየብቻ ማብሪያ አድርግላቸው» አለኝ። አደረግኩ። ከግቢያችን ስንወጣ የሹፌሩን ያበራል፤ ሱቁ ጋ ስንታጠፍ ያን አጥፍቶ ቢጫውን፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ጀምሮ እስከ አስፋልቱ የአባን። እኔ ከኋላው ቢዶኑን አቅፌ እቀመጣለሁ። የተማርኩት ትምህርት ይህን ዘዴ አይቃወመውም፤ በአንድ ጊዜ የሚበራው አንድ ብቻ ነው።

ሳምንቱን በሙሉ ሠራ። ሹፌሩ እጃቸውን ያነሱልናል፤ ባለሱቁ ያፏጫል፤ አባ በመስቀላቸው ያማትቡብናል። እያንዳንዳቸው በሬው በእነሱ መብራት ብቻ ነፋስ ስልክ የሚደርስ ይመስላቸው ነበር። ወተቱም ቀድሞ ደረሰ። ሴትየዋ ግን ገና አልወሰነችም፤ ሳምንቱ የሚያልቀው ቅዳሜ ነው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አንዲት ዕድሜ የጠገቡ የሰፈራችን እናት አረፉ። እድሩ ድንኳኑን የተከለው አስፋልቱ ጋ ሳይደረስ፣ መንገዳችን ጠርዝ ላይ ነው። ወንዶቹ እዚያው ሊያድሩ ገቡ። አጎቴ ላሞቹን የሚያልብለት ስለሌለ ጠዋት እንደሚደርስ ተናግሮ ተመለሰ።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ቢዶኑን ጭነን በሬውን አስነሳና እጁ ማብሪያዎቹ ላይ ቀረ።

«ዛሬ የማንን ላብራ?»

«ሦስቱም ድንኳን ውስጥ ናቸው ጋሼ።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ለዚህ እኮ ነው የጠየቅኩህ።»

«ምንም ሳናበራ ብናልፍስ?»

«ከሦስቱም ጋር ልታጣላኝ ነው?»

አሰብኩ። ባትሪው ሳምንቱን ደህና ስለሞላ ሦስቱንም ለአጭር ጊዜ ይችላል። «እስከ ድንኳኑ በአንዱ እንሂድ» አልኩ፤ «ልንደርስ ስንል ሁሉንም እናበራና እንዳለፍን እናጠፋለን።» ሂሳቡ ትክክል ነበር። የረሳሁት አንድ ነገር ነው፦ በለቅሶ ድንኳን ታይቶ አይታለፍም።

ሦስቱም መብራቶች ቦግ ብለው ድንኳኑን ሲያበሩት ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየን። አጎቴ ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደና ገባ። «እግዜር ያጽናችሁ» ብሎ ወዲያው መውጣት ነውር ስለሆነ ተቀመጠ። እኔ በሬውን ይዤ ውጭ ቀረሁ። መብራቶቹ መቅላት ጀመሩ። ሁለቱን ላጠፋ እጄን ስዘረጋ ሹፌሩ ከድንኳኑ ውስጥ መብራታቸውን እያዩ ለጎናቸው ሰው ያሳያሉ። ወደ ቢጫው ሄድኩ፤ ባለሱቁ ፈገግ አለልኝ። አባን ቀና ብዬ እንኳ ማየት አልቻልኩም። እጄን ወደ ኪሴ መለስኩ። በሬው ሁለቴ ሳለና ዝም አለ፤ ጨለማ ሆነ።

አጎቴ እየሮጠ ወጣ። ሰዉም ተከተለው።

«የማን ነው ቀድሞ የጠፋው?» ሲሉ ሹፌሩ ጠየቁኝ።

«እኩል ነው የጠፉት» አልኩ፤ እውነቴን ነው።

«ያ ቢጫ ነው የበላው!»

«ኧረ ጋሼ፣ ያን የሚያህል የትሬንታ ኳትሮ መኪና ዓይን ተሸክሞ ቢጫው ምን አጠፋ?» አላቸው ባለሱቁ።

«ልጆቼ» አሉ አባ፣ ስለ መሐለኛው ማንም ነገር ሳያነሳ፤ «ወተቱ።»

አጎቴ ቢዶኑን አይቶ ወደ ነፋስ ስልክ አቅጣጫ አየ። «ዛሬ ካረፈድኩ አለቀልኝ» አለ። ሹፌሩ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ጠቅልለው መሪውን ያዙ፤ ባለሱቁ ከኋላ ገባ፤ ከድንኳኑም የቻለ ሁሉ ወጥቶ ይገፋ ጀመር። አስፋልቱ ቁልቁል መሆኑ በጀን። ስንወርድ ሰማዩ እየገለጠ መጣ፤ ቁርስ ቤቱ ጋ ስንደርስ መብራት የሚያስፈልገው ሰው አልነበረም።

ባለአህያው ቢዶኑን ጭኖ ደጃፉ ላይ ቆሟል። አህያዋ አጎቴን ስታይ ጆሮዋን አቆመች። ሴትየዋ ወጣች። ያየችው ነጠላና ጋቢ ያዘቀዘቀ፣ ፊቱ በእንቅልፍ እጦት የከሰለ የለቅሶ ሰው በሬውን ከቦ ሲመጣ ነው። አጎቴ ጎንበስ ብሎ ጎማውን ስለሚገፋ አልታያትም።

«ወይኔ ጋሼ! ወይኔ!» ብላ ራሷን ይዛ ጮኸች።

አጎቴ ቀና አለ። «ምነው? ማን ሞተ?»

ደረቱን በሁለት እጇ ደበደበችው፤ ከዚያ ሳመችው። «እኔ ነኝ የጨቀጨቅኩህ፣ እኔ ነኝ በጨለማ አስወጥቼ የገደልኩህ ብዬ እኮ! ወተት ይቅር!» አለችና ወተቱን ተቀበለች። ባለአህያውን፣ «ወንድሜ፣ አትቁም፤ እኔ ከሱ ጋር ነኝ» አለችው። ባለአህያው አህያዋን አዙሮ ሄደ፤ አህያዋ ግን ሁለቴ ዞራ አየችን።

ለገፉት ሁሉ ሻይ አስቀዳች። አጎቴ ስለ መብራቱ ሲነግራት፣ ስለ ቁጥራቸው ምንም አላለም፤ ባትሪ ደከመ ብቻ ነው ያለው። ሦስቱ ሰዎች አጠገቡ ቆመው ይጠጣሉ።

«መብራት ነው ያስቸገረህ?» አለች። «ምነው ሳትነግረኝ! የባለቤቴ የድሮ ሞተር መብራት አልጋ ሥር ተቀምጦልህ። ቆይ፣ እንዳትሄድ።»

ሹፌሩ፣ ባለሱቁና አባ ሻያቸውን አቁመው አጎቴን አዩት። አጎቴ እኔን አየኝ። እኔ በሬውን አየሁ፤ መሪው ላይ ለአራተኛ ማብሪያ የሚሆን ቦታ አልነበረም።

ሴትየዋ አቧራውን በሽርጧ እየጠረገች መብራቱን አመጣች። አጎቴ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበለ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አላት። «ልክ እዚህ ደጃፍሽ ስደርስ አበራዋለሁ።»

ሰኞ ከክፍል ስመለስ ለአራተኛው ማብሪያ ከመቀመጫው ሥር ቦታ ፈለግኩለት።