በአመድ የታጠቡት ቀለበቶች

በ1956 ዓ.ም. ክረምት፣ የፍልሰታ ጾም ሊፈታ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ጎጃም፣ ቆሰበር ያለው ግቢያችን ናፍታ ናፍታ ይሸት ነበር። ዛሬም ያ ሽታ ሲመጣብኝ ጋሽ ላቀው ትዝ ይለኛል።

ጋሽ ላቀው ጎረቤታችን ነበር፤ ባለ መኪና። መኪናው ዘይት እየበላች ሰማያዊ ጢስ ትተፋለች፤ ዳገት ላይ ትለግማለች። የፒስተኖቿ ቀለበቶች አልቀው ነበር። አዲሶቹን ከባሕር ዳር አስመጥቶ፣ ሞተሩን ከእኛ ዳስ ሥር ፈታው። የቸኮለው ለእናቴ ነው። ጡቷ አብጦ መግል ስለያዘ የሁለት ወር ወንድሜ መጥባት አልቻለም። በነጋታው ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት ሊያደርሳት ቃል ገብቶላታል። በነጋታው ደግሞ በዓል ነው፤ በእመቤታችን ቀን መፍቻ አይነካም።

እያንዳንዱን ቀለበት ፒስተኑ በሚገባበት ቀዳዳ ልክ ሞርዶ በኮባ ቅጠል ላይ በተራ ደርድሮ ነበር። ጠዋት ኪዳን ሊያደርስ ሲሄድ፣ እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ለበዓሉ ግቢውን ልጠርግ ተነሣሁ። ቀለበቶቹን ዘይት ስላቆሸሻቸው ሁሉንም በአንድ ጣሳ ሰብስቤ በአመድ አሸኋቸው። ሲያብረቀርቁ ደስ አለኝ።

ጋሽ ላቀው ተመልሶ አንዱን አንሥቶ ዳሰሰው።

“ጥሩዬ፣ የትኛው የየትኛው ነበር?”

ያኔ ገባኝ። እንባዬ መጣ።

“በይ ናፍታ አቅርቢ። አመድ ከገባበት ሞተሩን ይበላዋል።”

አጠብናቸው። ከዚያ አንድ በአንድ በየቀዳዳው እየሞከረ ልካቸውን ፈለገ። የቅዳሴው ደወል ተሰማ። በጾሙ አንድም ቅዳሴ ያልቀረበት ሰው ቀና ብሎ አማተበና ወደ ሥራው ተመለሰ።

እናቴ ከተኛችበት፣ “ላቀው፣ ምነው ዘገየብህ?” አለችው።

“እኔው ደባልቄያቸው ነው፣ እትዬ። ሽምግልና ነዋ።”

ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር።

“መጀመሪያ ሚስት አግባ፤ ከዚያ ትሸመግላለህ” ብላ በዚያ ሕመሟ ሣቀች።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ሞተሩ ተነሣ። ትንሽ ጨሰ፤ ከዚያ ጠራ።

እናቴ ታክማ ዳነች፤ ወንድሜም አደገ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ጋሽ ላቀው ካረፈ ብዙ ዘመን ሆነው። ልጆቼ ሲያጠፉ ድምፄን ከማንሣቴ በፊት እሱ ይታየኛል።

ያኔ በበዓሉ ማለዳ፣ እናቴን ደግፈን መኪናው ላይ ስናወጣት፣ “ቀለበቶቹን የደባለቅሁት እኔ ነኝ” አልኋት። ጋሽ ላቀውን አየችው። እሱ መስተዋቱን ይወለውል ነበር። ሲሄዱ ነጠላዬን ለብሼ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ፤ ቅዳሴው እስኪያልቅ፣ የትናንቱ ለቀረበት ለእሱም ለእኔም ቆምሁ።