የአያርፌ ክላክስ

የአንድ ሰው ኑሮ፣ ከልጅነት እስከ እርጅና ያለው ውጣ ውረድ ሁሉ ተሰብስቦ ቢጨመቅ፣ ምን ጠብ ይላል? ጥያቄው አዲስ አይደለም። ብዙ የተማሩ ሰዎች ሲያላምጡት ኖረው ሳይውጡት ሄደዋል። የታላላቅ ሰዎች ኑሮ ለዚህ ጥያቄ አይመችም፤ ወሬውና ሐውልቱ ይጋርደዋል። የአንድ ቦቴ ሾፌር ኑሮ ግን ይመቻል፤ የሚጋርደው ነገር የለምና።

ሰውየውን ከተማው የሚያውቀው አያርፌ በሚለው ቅጽል ስሙ ነበር። ስሙን ያወጣችለት ታላቅ እህቱ ናት። እናታቸው የሞተችው እሱ ገና ድክ ድክ ሲል ስለሆነ ያሳደገችው፣ ያስታመመችው፣ ሲያስፈልግም በጥፊ ያለችው እሷው ነበረች። «ይኼ ልጅ ተኝቶ እንኳ አያርፍም፤ ሲራገጥ ነው የሚያድረው» ትል ነበር። አድጎም አልተሻለውም። ሲቀመጥ ከወንበሩ ጠርዝ ላይ ነው። ሰው ሲያወራው በር በር ያያል። የታመመ ሊጠይቅ ሄዶ፣ በሽተኛውን «አይዞህ» ሳይል መንገድ የጀመረበት ቀን አለ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ነበረች፣ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል «እኔ ባል ነው ያገባሁት ወይስ ነፋስ?» እያለች ደንበኞቿን ታስቅ ነበር።

እንዲህ ያለ ሰው ሾፌር ካልሆነ ምን ይሆናል? ነዳጅ የሚያመላልስ ቦቴ ይዞ አገር ላገር ሲዞር ጎልማሳነቱን ጨረሰው። እህቱ የምትኖረው ከተማውን ለሁለት ከሚከፍለው ደረቅ ወንዝ ማዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ ዳገቱ ሲጀምር፣ መንገድ ዳር ነበር። ከሩቅ በተመለሰ ቁጥር መጀመሪያ የሚያልፈው በደጇ ነው። እዚያ ሲደርስ ክላክሱን ሁለቴ አጠር አጠር፣ አንዴ ረዘም ያደርገዋል። መጣሁ፣ በሕይወት አለሁ፣ በሩን ክፈቺ ማለት ነው። እሷም ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ትወጣና «ሰፈሩን አደነቆርከው፣ አንተ ቀዥቃዣ!» ትለዋለች። ይህን ስድብ ሳይሰማ ወደ ገዛ ቤቱ ገብቶ አያውቅም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ማን ከማን ጋር፣ ስለ ምን እንደተዋጋ መጻፍ ይቻል ነበር፤ ግን የተዋጉትን ራሳቸውን ብትጠይቋቸው ዛሬም መልሳቸው አንድ አይደለም። የሆነው ይኼ ነው፦ ተዋጊዎቹ ሲገፉና ሲገፈተሩ ቆይተው ደረቁ ወንዝ ላይ ደረሱና እዚያው ቆሙ። ድልድዩ ተዘጋ። የከተማው የውኃ መስመር ተበጣጠሰ። የአያርፌ አሠሪ ቦቴዎች ተቃጠሉ፣ እሱም በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ዋለ።

ቤት መዋል አልሆነለትም። ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ይመላለሳል።

«ኧረ በፈጣሪ ተቀመጥ! ክሬን እየረገጥክብኝ ነው» ትለዋለች ሚስቱ።

«ተቀምጬ ምን ልሥራ?»

«መቀመጥ ራሱ ሥራ ነው። ሰው እኮ ተቀምጦ ነው የሚያረጀው፤ አንተ ብቻ ነህ እየሮጥክ ያረጀኸው።»

«እትዬ ብቻዋን ናት።»

«አውቃለሁ» አለች፣ ቀልዷን ትታ። «አውቃለሁ። ግን በመስኮቱ በኩል አትሻገር።»

የእርዳታ ድርጅት ሰዎች የደረሱት በዚህ መካከል ነው። አስተባባሪዋ ከባሕር ማዶ የመጣች፣ ፀጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማትናገር ሴት ነበረች። አስተርጓሚዋን አስከትላ፣ የድርጅቷን ባንዲራ ይዛ፣ በእግሯ ከአንዱ ማዶ ወደ ሌላው ስትመላለስ ቆየችና አንድ ነገር አስማማቻቸው። ከከተማው ውጭ ካለው የጉድጓድ ውኃ አንድ ቦቴ ይቀዳል፤ አንድ ቀን ለወዲህኛው ማዶ፣ በማግስቱ ለወዲያኛው፣ ተራውን ሳያዛንፍ። ያከራከረው ሾፌሩ ነበር። ያንዱን ሰው ሌላው አያምንም። በመጨረሻ ከወዲያ ማዶ የመጡ አንድ ሽማግሌ «ያ ቀዥቃዣ አያርፌ ይሁና» አሉ። «አንድ ወንበር ላይ መቀመጥ ያቃተው ሰው ከአንድ ወገን ጋር ሊቀመጥ ነው?» ተሳቀና ስምምነት ሆነ።

ደንቡ ጠንካራ ነበር። ሾፌሩ ብቻውን ይነዳል። ከቦቴው አይወርድም። መስኮት አይከፍትም፣ ሰላምታ አይሰጥም፣ ዕቃም ወሬም አያሻግርም። «በዚህ ሥራ ላይ እስካለህ ዘመድ የለህም» አለችው አስተባባሪዋ በአስተርጓሚዋ በኩል። እሱም እሺ አለ። መሪ ለመጨበጥ ሲል በዚያ ቀን የማይለው እሺ አልነበረም። ገለልተኛ መሆን ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው አድኗል። ነገር ግን ሰውን ቧንቧ ሁን ማለት ነው። በአንድ በኩል ይገባል፣ በሌላ በኩል ይወጣል፤ ቧንቧ ደግሞ እህት የለውም።

ድልድዩን መጀመሪያ በተሻገረበት ቀን፣ ዳገቱ ሲጀምር፣ እጁ ሳያስፈቅደው ክላክሱ ላይ አረፈ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። በሩ ተከፈተ። እህቱ ከስታ ግማሽ ሆና ወጣች። ቦቴው ግን አልቆመም፤ ሽቅብ ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ አለፈ። የውኃ ሮቶው ያለው፣ ወረፋውም የሚያዘው እዚያ ነው። እሱ ጋቢናው ውስጥ ተቀምጦ፣ ጉልበቱን እያንቀጠቀጠ፣ ውኃው ሲገለበጥ ይጠብቃል። ጥቂት ቆይታ እህቱ ጀሪካኗን ይዛ፣ ከጎረቤቷ ጋር ከጋቢናው አጠገብ መጥታ ቆመች። ሾፌሩን ማናገር ክልክል ነው። ጎረቤትን ማናገር ግን የከለከለ የለም።

«ምነው ይኼ ሾፌር እንዲህ ከሳ?» አለች፣ ጎረቤቷ ደንቆሮ የሆነች ይመስል እየጮኸች። «ሚስቱ አታበላውም እንዴ?»

ጎረቤትየዋ ወዲያው ገባት። «የሰው ሾፌር፣ አንቺ ምን አገባሽ?»

«ምንም አላገባኝ። ዝም ብዬ ነው። ሸሚዙን አዛንፎ የሚቆልፍ ወንድም ነበረኝ፤ ይኼም አዛንፎ ቆልፏል።»

አያርፌ ወደ ደረቱ አየ። እውነቷን ነው። መስኮቱን ጣት የምታሾልክ ያህል ዝቅ አደረገና የቦቴውን መሪ ያናግር ጀመር።

«አንተ መሪ፣ ሚስቴ ደህና ናት። አዲስ ልብስ የሚያሰፋ ጠፍቶ የወታደር ሱሪ ትጥፋለች።»

«ጉልበቴን እያመመኝ ነው» አለች እህት ለጎረቤቷ።

«መሪዬ፣ ጉልበቱን ያመመው ሰው ጀሪካኑን ለሌላ አይሰጥም?»

«ሌላ ሰው ሲሸከም ያፈስብኛል!»

ቱቦውን የያዘው ወታደር ፊቱን አዞረ፤ ትከሻው ግን በሳቅ ይርገበገብ ነበር።

ኑሯቸው እንዲህ ሆነ። በሷ ማዶ ተራ ቀን እሷ ለጎረቤት፣ እሱ ለመሪው ያወራሉ። በወዲህኛው ማዶ ተራ ቀን አያርፌ ቀኑን የሚገፋው በግድ ነው። ውኃውን አራግፎ ይመለሳል፣ ጎማ በእግሩ ይመታል፣ የተጠረገ መስታወት ይጠርጋል። የእርዳታ ድርጅቱ ሰዎች ስምምነቱ ጸና ብለው ደስ አላቸው። እውነትም ጸንቶ ነበር። ሕፃናት በቆሻሻ ውኃ መታመማቸው ቀነሰ። ከወዲያ ማዶ ባለው ጉብታ ላይ ግን አንድ አዛዥ በመነጽር እያየ፣ ክላክሱን እየሰማ፣ ስንት ጊዜ እንደተነፋ ይቆጥር ነበር።

አንድ ቀን ክላክሱ ተነፍቶ በሩ አልተከፈተም። ትምህርት ቤቱ ግቢም ጎረቤትየዋ ብቻዋን መጣች። የምታናግረው ሰው ስላጣች ጀሪካኗን አናገረች።

«አይ ጀሪካኔ፣ ጓደኛችን ተኛች። ትንፋሽ እያጠራት ነው። ‹ያ ቀዥቃዣ መጣ ወይ› እያለች ታስቸግረናለች።»

አያርፌ ውኃውን አራገፈ። ተመልሶ በቀጥታ አስተባባሪዋ ድንኳን ገባ። በእህቴ ደጅ ላይ አንድ ጊዜ፣ ዓይኗን እስካይ ብቻ፣ ልውረድ አለ። አስተባባሪዋ አላቃለለችውም፤ ያንኑ ዕለት ተሻግራ ጠየቀችለት። አዛዡ «ዛሬ ሾፌሩ ከወረደ ነገ ማን ሊወርድ ነው?» አላት። ቢሆንም እህቱን ነርስ እንዲያያት አስፈቀደች። ይህን ስትነግረው አያርፌ አንዴ ባንዱ እግሩ፣ አንዴ በሌላው ቆሞ ሰማ፤ አመሰገነም። ልቡ ግን አልሰማም።

የወዲያኛው ማዶ ተራ ሲደርስ፣ ወደ እህቱ ደጅ ሲቃረብ እግሩ ፍሬኑን ረገጠ። ቦቴው ቆመ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ዝም። ደገመው። ዝም። ደጋገመው፤ በመጨረሻ በክርኑ ተደግፎ ክላክሱን ሳያቋርጥ አስጮኸው። ያን ጊዜ፣ እሱ ያላሰበው፣ ከሁሉ የባሰው ሆነ፤ ከወዲህኛው ማዶ፣ በሌላ ምክንያት፣ ተኩስ ተከፈተ። ክላክሱ የተኩስ ምልክት የመሰላቸው የወዲያ ማዶ ወታደሮች እየሮጡ መጥተው የቦቴውን በር በረገዱት። አያርፌ ከቦቴው የወረደው እንግዲህ ያን ጊዜ ነው፤ ግን ጀርባውን ለእህቱ በር፣ ፊቱን ወደ ትይዩው አጥር አድርገው አቆሙት።

አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ አዛዡ ጠየቀው።

«ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ምን ማለት ነው?»

«መጣሁ ማለት ነው።»

«ለማን?»

«ለእህቴ።»

አዛዡ ወደ ጠባቂው ዞረ። «ለእህቱ ክላክስ የሚነፋ ሽማግሌ አይተህ ታውቃለህ?»

«እኔ ለሚስቴም አልነፋም ጌታዬ» አለ ጠባቂው።

አስተባባሪዋ ለምና፣ ተቆጥታ፣ ዋስ ሆና አስፈታችው። ውኃው ግን በሁለቱም ማዶ ተቋረጠ። የገዛ ሰፈሩ ሴቶች ባዶ ጀሪካን ይዘው በደጁ ሲያልፉ «በእህቱ ናፍቆት ጉሮሯችንን አደረቀው» ይሉ ነበር፤ እንዲሰማም ነው የሚሉት። ሚስቱ አልቀለደችም። ከዚህ ሁሉ የከበደው የሷ አለመቀለድ ነበር።

ነገሩ እንዲበርድ ድልድዩ አፍ ላይ ድንኳን ተጥሎ ስብሰባ ተደረገ። ባንድ በኩል አዛዡ፣ በሌላው የወዲህኛው ማዶ ተወካይ፣ መካከል አስተባባሪዋ ከአስተርጓሚዋ ጋር ተቀመጡ። አያርፌ ጥፋቱን እንዲናገር ተጠራ። ከልጅነቱ ጀምሮ፣ እንዴት እንዳሳደገችው፣ ከመንገድ ሲመለስ እንዴት እንደምትሰድበው ተናገረ። ‹አንተ ቀዥቃዣ› የሚለው ላይ ሲደርስ ከሁለቱም ወገን ሳቅ አመለጠ፤ ተያይተውም አፈሩና አቆሙ። አዛዡ ያመነው ይመስላል። ማመን ግን ውሳኔ አይለውጥም። ውኃው እንዲቀጥል፣ ሾፌሩ ከሌላ ከተማ እንዲመጣ፣ የቦቴው ክላክስም እንዲነቀል ተስማሙ። መካኒክ ተጠርቶ፣ ከሁለቱም ወገን አንዳንድ ታዛቢ ቆሞ፣ ሽቦው ተቆረጠ።

ስብሰባው ሊበተን ሲል አስተባባሪዋ ወደ አያርፌ ዞራ የሚለው ነገር እንዳለ ጠየቀችው። ተነሣ። ባርኔጣውን ከእጅ ወደ እጅ ያዛውራል።

«እኔን መልሱኝ አልልም፤ አጥፍቻለሁ። ግን አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ ቦቴው ማዶ ለማዶ መመላለሱን ይተውና ድልድዩ መካከል ይቁም። ከወዲህም ከወዲያም ሰው ይምጣና ከአንድ ቱቦ ይቅዳ። መራመድ የማይችል ካለ፣ ተሸክመውት ይምጡ። እኔ ቱቦውን ብቻ እይዛለሁ።»

«መራመድ የማይችለው ማነው?» አለ አዛዡ።

«ታውቃለህ እኮ።»

አስተባባሪዋ ያን ያህል ሰው በሁለት ጠመንጃ መካከል ሜዳ ላይ ማቆም እንደማትችል ተናገረች። አንድ ጥይት ቢያመልጥ መልስ የሚሰጥ የለም። ልክ ነበረች። የወዲህኛው ተወካይ ሕዝባችን ከነሱ ጋር አይሰለፍም አለ። አዛዡም የእኛም ከእነሱ ጋር አይሰለፍም አለ። በጦርነቱ ዘመን ሁሉ ሳይከራከሩ የተስማሙበት ነገር ይኼ ነበር።

አያርፌ አልተቀመጠም።

«እንግዲያው ሰው ሁሉ ይቅር» አለ። «ቦቴውም ይቅር። እህቴን ከወዲያ ያምጧት፣ እኔ ከወዲህ ውኃ ተሸክሜ ልምጣ። ጀሪካኗ እስኪሞላ ብቻ። ስትጨርሱ ወደፈለጋችሁበት ውሰዱኝ።»

አስተርጓሚው ጎንበስ ብሎ ለአስተባባሪዋ ነገራት። እሷ አዛዡን አየች። አዛዡ ተወካዩን አየ። ተወካዩ መሬት መሬት አየ። እሺ ያለ ግን አልነበረም፤ ልመናው እዚያው ድንኳኑ ውስጥ ቀረ።