አራት ቀን

ደብረ ማርቆስ ለሦስት ቀን ሥልጠና ስንጠራ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ያለኝ ከተማ ማደሩ ነበር። ደብዳቤው «የፈጠራ ምዘናና የተማሪ ግብ አወጣጥ» ይላል። በመምህርነት ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ ስንት ሥልጠና መጥቶ ስንቱ ሄዷል። ደብተርና እስክሪብቶ ያድሉናል፣ በቡድን ያወያዩናል፣ ትልልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ ያስለጥፉናል፤ ከዚያ ወደየክፍላችን ተመልሰን እንደ ድሯችን እናስተምራለን። ስለዚህ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ከጓደኛዬ ጋር እያሾፍኩ ጀመርኩት።

አሠልጣኙ በዕድሜ ከእኔ በብዙ የሚያንስ፣ ድምፁ ለስለስ ያለ ሰው ነበር። በሁለተኛው ቀን ባዶ ካርቶን ይዞ በየወንበራችን እየዞረ እስክሪብቶአችንን ሰበሰበ። «ተማሪ ግቡን ሲጽፍ የእናንተ እጅ እንዲህ ባዶ ይሁን» አለ። «ግቡ ትንሽ ቢመስላችሁም የራሱ ነው። ለምን ይህን እንደመረጠ ጠይቁት እንጂ አታርሙለት።» ሹፈቴን የተውኩት ያን ጊዜ ነው። እስክሪብቶዬ ሲመለስልኝ «ጠይቁ፤ አታርሙ» ብዬ ጻፍኩና ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ደብተሩ ዛሬም አለኝ። ያንን መስመር ባየሁት ቁጥር ያንገበግበኛል።

ትምህርት ቤታችን ከሮብ ገበያ ከተማ ወደ ጮቄ ተራራ በሚወጣው መንገድ ላይ ነው። ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ የተከፈተበት ዓመት ስለነበር ብዙ ወንበር ባዶ ነው፤ የመጡትም ቁመታቸው ከክፍላቸው በልጧል። የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ከሥልጠናው እንደተመለስኩ ፈተናውን ትቼ «ከቤታችሁ አንድ ነገር ለክታችሁ ኑና ለክፍሉ አስረዱ» አልኳቸው። ጎተራ የለካ መጣ፣ የበር ቁመት የለካ መጣ። አንዱ የአህያውን ጆሮ ለክቶ መጥቶ ሆዳችንን እስኪያመን አሳቀን።

ከመስኮቱ አጠገብ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ነበረች። ፈተና ላይ ከግማሽ በላይ አምጥታ አታውቅም፤ እኔም ለፍታ የማይሆንላት ልጅ አድርጌ ይዣት ነበር። እሷ የቤታቸውን የገብስ ማሳ በበሬ ማሰሪያ ገመድ ለክታ መጣች። ሰሌዳው ላይ ሣለችው። አንዱን ጎኑን ጎርፍ ስለበላው ቅርጹ የተንጋደደ ነው። «መሬቱ እንደ መጽሐፉ አይደለም» አለችና አንድ አራት ማዕዘንና ሁለት ሦስት ማዕዘኖች አድርጋ ከፈለችው፤ የእያንዳንዱን ስፋት አስልታ ደመረችው። እንዲህ አድርገሽ ክፈይው ያላት ሰው የለም። እኔ ራሴ ቁጭ ብዬ መልሼ አሰላሁት፤ ልክ ነበር። ያን ዕለት ወደ ቤቴ ስገባ እግሬ መሬት አይነካም ነበር።

በሳምንቱ ግብ አስወጣኋቸው። ማኒላ ወረቀት ቆርጬ ለእያንዳንዳቸው ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ካርድ ሰጠኋቸው። ሐኪም መሆን፣ ፓይለት መሆን፣ ከክፍል አንደኛ መውጣት እያሉ ጻፉ። የእሷ ካርድ «በሳምንት አራት ቀን ሳልቀር መማር» ይላል።

ለምን አራት? ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ሮብ ሮብ እንደምትቀር ከስም መጥሪያው አውቃለሁ፤ ሮብ የገበያ ቀን ነውና የምትቀረው እሷ ብቻ አልነበረችም። ስንፍና መሰለኝ። ደግሞም ልጅቷን ወድጃታለሁ፤ የወደድኩትን ሰው ገፋ ማድረግ አመሌ ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ከዚህ የባሰም እውነት አለ፤ በነጋታው ሱፐርቫይዘር ይመጣ ነበር። በሐኪምና በፓይለት በተሞላ ግድግዳ ላይ አራት ቀን የሚል ካርድ አሳፈረኝ። ቀይ እስክሪብቶዬን አንስቼ «አራት» የሚለውን ሰረዝኩና ከላዩ «አምስት» ብዬ ጻፍኩ።

«አንቺን የመሰለች ልጅ አራት አትልም» አልኳት።

ካርዱን ትክ ብላ አየችው። «እሺ ቲቸር» አለች። ያን ጊዜ ፈገግ ያለች መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ፈገግ አላለችም።

ሱፐርቫይዘሩ ግድግዳውን በስልኩ ፎቶ አንስቶ፣ አመስግኖኝ ሄደ። ልጅቷ ሮብ መጣች። የሚቀጥለውም ሮብ መጣች፤ ክፍሉ እንዲያጨበጭብላት አደረግኩ። በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ቀረች። ማክሰኞም፣ ሮብም፣ ሐሙስም፣ ዓርብም አልመጣችም። ቅዳሜ ጠዋት ጫማዬን አጥብቄ ወደ ቤታቸው ወጣሁ።

ልጅቷ ትንሽ ወንድሟን አዝላ ደጅ ቆማለች። ስታየኝ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችኝና ወደ ጓሮ ዞረች። እንጀራ አባቷ መደቡ ላይ አጎዛ አንጥፎ አስቀመጠኝ። እናቷ ጥግ ይዛ ድንች ትለቅማለች፤ ቀና አላለችም። ለጠብ ተዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት፤ መንገዱን ሙሉ ክርክሬን ሳሳምር ነበር። ልጅቷ ምን ያህል ብሩህ እንደሆነች፣ ማሳውን እንዴት እንደለካች ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ።

«መምህርት፣ እኔ ትምህርት አልጠላሁም» አለ። «ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ሳለ የቤቱ ሥራ በእሷ ላይ ወደቀ፤ ሲከፈት፣ እንግዲህ ትቅር አልሁ። ብቻዋን ኺዳ የንስሐ አባታችንን ለምና አመጣችብኝ። እዚህ እርስዎ ካሉበት ተቀምጠው አስማሙን። አራት ቀን ልትማር፣ ሮብ እኔና እናቷ ገበያ ስንወርድ ልጁንና ከብቱን ልትጠብቅ፣ ካፈረስን ግን ነገሩ ሊቀር፣ ሁለታችንም በመስቀላቸው ቃል ገባን። እኔ አንዲት ሰኞ፣ አንዲት ማክሰኞ አላስቀረኋትም። እሷ ግን ልጁን ለጎረቤት ጥላ፣ ከብቱን ለቃ ኸደች። አንዴ ዝም አልሁ። በሁለተኛው ከብቱ የሰው ገብስ በላ። እስቲ ይፍረዱ፣ ቃሉን ያፈረስሁት እኔ ነኝ?»

«ሮብን የጨመርኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

«ስለ ውላችን አልነገረችዎትም?» አለኝ።

«አልጠየቅኳትም» አልኩ።

ከዚያ ቤት ተነሥቼ ወደ ንስሐ አባቱ ሄድኩ። እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኳቸው። አሮጊት ባልሆንም እንደ አሮጊት አለቀስኩ። ሽማግሌው ደግ ናቸው፣ ሁለት ጊዜ ወጥተው እንጀራ አባቷን ለመኑት። ሁለቱንም ጊዜ «አባቴ፣ ያስማሙን እርስዎ ነዎት፣ ያፈረሰችው እሷ ናት» ብሎ መለሳቸው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ግን ያፈሰስኩትን መልቀም አልቻልኩም። ማንም አይዞሽ ያላላት ልጅ፣ ብቻዋን ሽማግሌ ለምና፣ እንጀራ አባቷን አስማምታ፣ አራት ቀን አስፈቅዳ ነበር። ግድግዳው ላይ ከነበሩት ሁሉ ትልቁ ግብ የእሷ ነበር። እኔ አነሰ ብዬ ሰረዝኩት።

ባለፈው መኸር፣ ሮብ ከሰዓት፣ ከትምህርት በኋላ ገበያ ወረድኩ። ከድንች ክምር ኋላ ተቀምጣ አየኋት። አሁን ገበያ የምትወርደው እሷ ናት። ልሸሽ ፈልጌ ነበር፤ ቀድማ አየችኝና ብድግ አለች።

«ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ገና ሰላም ሳንባባል። «ግቤን አላሳካሁም።»

ይህን ይቅርታ ለእኔ ስታስቀምጥ ከርማለች። አንገቷን አቅፌ ብጮህ በወደድኩ። «ያ ያንቺ ግብ አልነበረም» አልኳት። «ያንቺ አራት ነበር። አራቱንማ አሳክተሽው ነበር እኮ።»

ከረጢቴን ከእጄ ተቀብላ ድንቹን መሙላት ጀመረች።

«እሱማ ተሰርዞ የለ ቲቸር» አለችኝ፣ እኔን ለማጽናናት በሚመስል ድምፅ፤ ከላይም ሦስት ድንች መረቀችልኝ።