ሐምዲያ በበጀት ስብሰባ

አምቦ መናኸሪያ አካባቢ ሳምቡሳ የቀመሰ ሰው ሁሉ ሐምዲያን ያውቃታል። በ2015 ዓ.ም. ከስልጤ ከመጣች ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። በኦሮምኛውማ እዚሁ የተወለድነውን ታስንቀናለች። የሌላት የቀበሌ መታወቂያ ነው። ለዚያ ከአገሯ ቀበሌ መሸኛ ማምጣት አለባት፤ ሁለቴ ሄዳ፣ ሁለቴም "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው" ተብላ ባዶ እጇን ተመልሳለች። እኔ ብዙነህ የቀበሌው ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ፤ ሕጉን እኔ አላወጣሁትም።

የዚያ ዓመት ግንቦት ላይ ነዋሪው ስለ በጀት እንዲወያይ ተጠራ። ሊቀ መንበራችን ኦቦ ረጋሳ ለቢሮው የግንብ አጥር መታቀዱን አንብቦ ሳይጨርስ ሐምዲያ ብድግ አለች።

"መታወቂያ አለሽ?" አላት ረጋሳ።

"የለኝም።"

"እንግዲያው ቁጭ ብለሽ አዳምጪ።"

እሷና ከየአገሩ የመጡ ሴቶች የተከራዩበት የታችኛው ሰፈር ቦኖ የለውም። ውሃ ከላይኛው ሰፈር ተሰልፋ ቀድታ እስክትመለስ ይረፍዳል፤ የጠዋቱ ተሳፋሪም ሳይበላ ይሄዳል። አጥሩ ከጸደቀ ደግሞ ለቦኖ የሚተርፍ ነገር የለም።

አከራይዋ አዴ ጂቱ፣ እዚሁ ተወልዳ ያረጀች ሴት፣ መታወቂያዋን ከፍ አድርጋ ተነሳች። "እሷ ለእኔ ትንገረኝ፣ እኔ ለእናንተ እናገራለሁ። ይሄም ክልክል ነው?"

ክልክል መሆኑን የሚያውቅ አልተገኘም። ሐምዲያ ቁጭ ብላ እያንሾካሾከች፣ ጂቱ ቆማ እየጮኸች ቀጠሉ።

"አጥሩ ምን ሊጠብቅ ነው? ከቢሮው ምን የሚሰረቅ አለና! መዋጮ ሲሆን የእኛን በር ቀድማችሁ ታንኳኳላችሁ፤ ውሃ ሲሆን በሩ ይጠፋችኋል። እኔ ጤና ጣቢያ ስወልድ እንኳ ውሃ ከቤት አምጪ ተብያለሁ። ከስልጤ ከመጣሁ ይኸው ዘጠኝ ዓመቴ!"

አዳራሹ ሳቅ በሳቅ ሆነ።

"ኧረ ጂቱ! እዚሁ አምቦ ስትወለጂ የተቀበለችሽን አዋላጅ ሳይቀር አውቃት የለም እንዴ?" አለ ረጋሳ ዕንባውን እየጠረገ።

ጂቱ አልሳቀችም። "ታዲያ የተናገርኩት ውሸት ነው?"

ውሸት አልነበረም። እጅ ሲወጣ አጥሩ ቀርቶ ቦኖው ጸደቀ።

እኔም ቃለ ጉባኤውን ለማስጸደቅ ጮክ ብዬ አነበብኩ፦ "ወይዘሮ ጂቱ እና አንዲት ሴት ባቀረቡት ሐሳብ መሠረት..." መታወቂያ የሌለው ሰው ስም አይሰፍርም ብዬ ነው። አይሰፍርም ያለኝ ግን የለም፤ ራሴው ነኝ የፈራሁት። ሐምዲያ ሻርፗን አስተካክላ ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት እንደ ልማዴ ወደ መናኸሪያ ወረድኩ።

"ሐምዲያ፣ ትኩስ ትኩሱን ሁለት ስጪኝ" አልኳት።

በወረቀት እየጠቀለለች ቀና ብላ አየችኝ።

"ለካ ስሜን ያውቁታል!" አለችኝ።