የአንተነህ ካሬዎች

ባለፈው ማክሰኞ ቡሬ መናኸሪያው አጠገብ ካለች አንዲት የፎቶ ኮፒ ቤት የልጄን የትምህርት ቤት መታወቂያ ፕላስቲክ ላስለብስ ገብቼ፣ ማሽኑ ሲግል የሚያወጣው የጋለ ፕላስቲክ ሽታ አፍንጫዬ ሲደርስ ባንኮኒውን ተደግፌ ቆምሁ። ባለሱቋ ጾም ያዞረኝ መስሏት ወንበር ሰጠችኝ፤ እኔም አዎ ጾሙ ነው ብዬ ዋሸኋት። ይህ ሽታ የአባቴ ፎቶ ቤት ሽታ ነው፤ በመጣ ቁጥርም አንድ የሞተ ልጅ አስከትሎ ይመጣል።

የአባቴ ፎቶ ቤት ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ዳር፣ ጋሪዎች ከሚቆሙበት ፊት ለፊት ነበር። አንድ ሰማያዊ መጋረጃ፣ አንድ ዱካ፣ መታወቂያ ፕላስቲክ የሚያለብስ አንድ ማሽን፣ ሰው እንዳይወስዳት በሲባጎ የታሰረች ማበጠሪያ፣ እኔ ዐሥራ ሦስት ዓመት ከሞላኝ ወዲህ ደግሞ አንድ ኮምፒውተር ነበረው። አባቴ ኮምፒውተሩን ከአቧራ የሚጠብቀው በእናቴ ነጠላ ስለነበር፣ እናቴ ከእኔ ይልቅ እሱን ታለብሳለህ እያለች ስታኮርፍ ትከርም ነበር።

የዚያ ዓመት መስከረም፣ ግቢያችን ውስጥ ካሉት የኪራይ ክፍሎች አንዷን አንተነህ የሚባል ልጅ ተከራየ። ከፈረስ ቤት ከተማ ማዶ የመጣ የቄስ ልጅ ነው፤ በሶውንና ድርቆሹን በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሞ ዘጠነኛ ክፍል ሊማር ከደጋ ወረደ። ኮምፒውተሩን የሸጠልን ሰው ቤት የሚሠራበትና መሬት የሚታረስበት አንድ ጨዋታ ጭኖበት ነበር። አንተነህ መጫወቱ በሁለት ቀን ሰለቸውና የጨዋታውን ሆድ መጎርጎር ጀመረ። መሬቱ በሙሉ ከትንንሽ ካሬ ሥዕሎች የተነጠፈ መሆኑን፣ ሥዕሎቹም አንድ ፎልደር ውስጥ መቀመጣቸውን፣ በሌላ ሥዕል ቢተኳቸው ጨዋታው ሳያንገራግር እንደሚቀበል ያገኘው እሱ ነው። ከዚያ ወዲያ ያንን የባዕድ ጫካ የራሱ መንደር ካላደረግሁት ብሎ እንቅልፍ አጣ።

ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ላይ ዐሥራ ስድስት በዐሥራ ስድስት እየከለለ ጤፍ ማሳውን፣ እርከኑን፣ የባሕር ዛፍ አጥሩን በቀለም እርሳስ ይሞላል፤ እኔ እየተከተልሁ ካሬ በካሬ ወደ ኮምፒውተሩ እገለብጣለሁ። ጨዋታው የሚፈልገው ሠላሳ ሁለት በሠላሳ ሁለት ነጥብ መሆኑን ያወቅነው ሁሉን ከጨረስን በኋላ ስለነበር፣ ማሳችን አንድ ጥግ ላይ ተኮራምቶ ቀረ። እንደገና ተቀመጥንና እያንዳንዷን ነጥብ አራት እያደረግን አሳደግነው። ጉድ ያሳየን ግን አባቴ ያነሳቸውን ፎቶዎች ወደ ካሬ ማሳነስ ነው። የሳር ቤቱ እንጉዳይ መሰለ፤ የጋሪው ፈረስ ሁለት እግሮቹን ጥሎ መጣ፤ እኛም አባቴ እስኪቆጣን ድረስ ሳቅን። ሳቁ ሲበርድ አንተነህ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይለኛል።

«መጀመሪያ ቅጂውን አስቀምጭ። ያሳነስሽውን ኮምፒውተሩ መልሶ አያስታውሰውም።»

ኅዳር ላይ ትምህርት ቤቱ ለመታወቂያ ፎቶ አምጡ አለ። አንተነህ ከዚያ በፊት ፎቶ ተነስቶ አያውቅም። የአባቴን ኮት ተውሶ ሰማያዊው መጋረጃ ፊት ተቀመጠና ትንፋሹን ይዞ ተነሳ። የፎቶ ወረቀት ግን አልቆብን ነበርና አባቴ ወረቀቱ ከባሕር ዳር እስኪመጣ ታገሥ አለው። ዓርብ ዕለት ራሴን አሞኛል እያለ ስንቅ ሊያመጣ በእግሩ ወደ አገሩ ወጣ።

እኔ ቅዳሜ ላስገርመው ፈለግሁ። ሲመለስ በጨዋታው መንደር ውስጥ፣ በአባቱ ቤት ደጃፍ ላይ ራሱን ቆሞ እንዲያገኘው። ከካሜራው ተገልብጦ ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ የቀረውን ፎቶ ከፍቼ ሠላሳ ሁለት በሠላሳ ሁለት አድርጌ አሳነስሁት። መብራቱ እየጠፋ እየመጣ ያስፈራራኝ ስለነበር ተቻኩዬ ነበር፤ ኮምፒውተሩ የነበረውን በዚህ ልተካው ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ አዎ አልሁት።

አንተነህ አልተመለሰም። የያዘው ወባ ነበር፤ እኛ ዘንድ ቢሆን ሕፃን እንኳ ይለየዋል፤ ወባ የማያውቁት የደጋ ቤተሰቦቹ ግን ምች ነው ብለው ዳማከሴ አጠጡት። በአራተኛው ቀን ሞተ።

አርባው ሊደርስ ሲል አባትና እናቱ መጡ። ፎቶ መነሳቱን ነግሯቸው ነበርና ለተዝካሩ ትልቅ ተደርጎ እንዲታተምላቸው፣ ኋላም ግድግዳ ላይ እንዲሰቅሉት ፈለጉ። አባቴ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ፈለገ፣ ደግሞ ፈለገ፤ ያገኘው የእኔን ካሬ ብቻ ነው። ዞሮ አየኝ። ፊቴ ላይ ያነበበውን አንብቦ ወደ ቄሱ ተመለሰ።

«አባ፣ ይቅር በሉኝ፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አላቸው።

ያለውን ካሬ አሳድጎ አተመው። የወጣው ባለ ቀለም የካሬ ክምር ነው። እናቱ ወረቀቱን ጠጋ አድርገው ዐይኑ የቱ ነው አሉኝ፤ ሁለቱን ጥቁር ካሬዎች በጣቴ አሳየኋቸው። ወረቀቱን ባላቸው ይዘውት እሳቸው ወደ ደጅ ወጡ፤ ጋሪዎቹ ጋ ሲደርሱ ዞረው አዩት። ከሩቅ ካሬዎቹ ገጥመው ልጃቸው ሆኑላቸው፤ ከፊታቸው አወቅሁ። እጃቸውን ዘርግተው ሲመለሱ ጠፋባቸው። እንደገና ራቁ፣ እንደገና ቀረቡ። በመጨረሻ ወረቀቱን ጠቀለሉና በለሆሳስ አናገሩኝ።

«የኔ ቤት እኮ ጠባብ ናት ልጄ፤ ይህን ያህል ርቄ የማይበት ቦታ ከየት አመጣለሁ?»

አባቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንንም ሲያነሳ አንድ ትርፍ አትሞ ካርቶን ውስጥ ማስቀመጥ ያዘ። አንድም ቀን ሳይጠይቀኝ፣ እኔም ሳልነግረው ሞተ። እነዚያ የደጋ ሰዎች እስከ ዛሬ የሚያዝኑት በእሱ ነው፤ ይህ ነው የሚያንገበግበኝ።

ያቺን ካሬ አሁንም አላጠፋኋትም። ከቡሬ ስመለስ ከፈትኋትና የልጄ መታወቂያ በእጄ እንዳለ አየኋት። ሠላሳ ሁለት በሠላሳ ሁለት አንድ ሺህ ሃያ አራት ነጥብ ነው። አንድ በአንድ ቆጠርኋቸው፤ ከግማሽ የሚበልጠው የአባቴ ሰማያዊ መጋረጃ ነው።