የሸኚ ብዛት በትንሿ ጣቢያ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን ቴክሳስ ውስጥ ሌዊስቪል አጠገብ ባለችው ትንሽ የባቡር ጣቢያ የነበርነው እኔ፣ አለቃዬ ማሪያ፣ የጥገና ሠራተኛው ሽማግሌ ኧርል፣ እንዲሁም እናታቸውን ሊሸኙ ከጋርላንድ ግልብጥ ብለው የመጡ ቤተሰቦች ነን። እናትየው እማማ ዘነበች ይባላሉ። ልጃቸው ዳዊት እስከ ኤርፖርት አብሯቸው ሊሄድ ነበር።

ማሪያ ቢጫ ሰደርያ አለበሰችኝ። መጥረጊያና ሬዲዮ ሰጥታኝ፣ "ሥራሽ ጽዳት ነው፤ ግን ሰው ከቢጫው መስመር እንዳያልፍ" አለችኝ። ከመጥረጉ ይልቅ መስመሩን ስጠብቅ ዋልኩ። ልጅ ያሳደገ ሰው ሐዲድ አጠገብ እንዴት ይረጋጋል?

ኧርል እንግሊዝኛዬ ትንሽ መሆኑን አይቶ የጣቢያዋን ታሪክ በእጁም ጭምር ነገረኝ። ጥጥ መጫኛ ነበረች። የእንጨቷ ክፍል ከዚያን ጊዜ የተረፈች ናት። "ድሮ የጣቢያው ሹም ደወል ካልደወለ ባቡሩ አይነሳም። አሮጊት ከዘገየች ይጠብቃታል" አለኝ። አሁን ሹሙም ደወሉም የሉም። የባቡሩ በር ጢጥ ጢጥ ብሎ በራሱ ይዘጋል።

ይህን ለእኛ ሰው ማን ያስረዳ! ባቡሩ እንደቆመ እማማ ገብተው ተቀመጡ። ሸኚውም ተከትሎ ገባ። ይስማል፣ ያለቅሳል፣ "ለእገሌ ሰላም በሉልኝ" ይላል።

"ውረዱ፣ ሊዘጋ ነው!" አልኩ።

"እህቴ፣ ፕሊስ፣ ሆልድ አድርጊልን። አንድ ፎቶ ብቻ" አለ ዳዊት።

"ታክሲ መሰለህ የማቆምልህ? እኔ የያዝኩት መጥረጊያ ነው!"

"አንቺ ደግሞ፣ ሐበሻ አይደለሽም እንዴ?" አለች እህቱ።

እየለመንኩ፣ እየተቆጣሁ አስወረድኳቸው። ዳዊትም እናቱን በመስኮት ፎቶ ሊያነሳ አብሮ ዘሎ ወረደ። በሩ ተዘጋ። የእማማ ፓስፖርትና የስኳር መድኃኒት ያለበት ቦርሳ እሱ ትከሻ ላይ ተንጠልጥሏል። እሳቸው ምንም ሳያውቁ እጃቸውን እያወዛወዙ ሄዱ።

"እማዬ እንግሊዝኛ አትችልም!" ብሎ ጮኸ።

በሬዲዮ ማሪያን ጠራሁ፤ እሷ ነጂውን እስክታገኝ ግን ባቡሩ ቀጣዩን ጣቢያ አልፎ ነበር። "ነጠላ የለበሱ አሮጊት ቀጣዩ ጣቢያ ላይ ወርደዋል፤ ከዚያ ወዴት እንደሄዱ አላየሁም" አለ ነጂው። ቤተሰቡ መኪናውን አስነስቶ በረረ። ተመልሶ የሆነውን የነገረኝ የለም።

ዛሬ አዲስ ሠራተኛ አሠለጥናለሁ። ከሥራዬ የተማርኩት ይኸው ነው፦ ስንብት እቤት ይጨረስ፤ ፓስፖርትና መድኃኒት ተጓዡ እጅ ይሁን።

እማማ ዘነበችን ወይም ልጃቸውን ዳዊትን የምታውቁ ካላችሁ፣ እባካችሁ፣ ተገኝተው እንደሆነ ንገሩኝ።