ያልነበረብኝ ኮሶ

መጀመሪያ የመጣው ብርድ ነው። ፀሐይ ላይ ቆሜ ጣቶቼ ይቀዘቅዙ ነበር። ቀጥሎ ከትምህርት ቤት ስመለስ ዳገቱ ላይ ዓይኔን ያጨልመኝ ጀመር። ጊዜው የንጉሡ ዘመን ማብቂያ ነው፤ ኮልፌ እንኖር ነበር፤ እኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነኝ። ይህን የምጽፈው ልጃቸው ያለ ምክንያት የከሳች ለሚመስላቸው ወላጆች ነው። ምክንያት አይጠፋም፤ እኔም ነበረኝ።

የእኔ ምክንያት ፊልም ነው። አንድ ቅዳሜ ትምህርት ቤታችን አዳራሹ ውስጥ ነጭ አንሶላ ወጥሮ የልጆች ካርቱን አሳየን። ንግግሩ በፈረንጅ ቋንቋ ስለነበር አንዲት ቃል አልገባንም፤ የምናየውን ብቻ ነው የያዝነው። አንዷ ልጅ ወገቧ ሰንበሌጥ ነው፤ አንዲት እንጆሪ በልታ ትጠግባለች፤ ወፎች ይከቧታል። ሌላዋ ወፍራም ናት፤ አፏ ባዶ ሆኖ አያውቅም፤ በር ላይ ስትቀረቀር አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔም ስቄአለሁ።

በማግስቱ ጎረቤታችን እትዬ ሙሉ ጉንጬን ያዝ አድርገው፣ «እሰይ! ወፈር ብለሽ እንዴት አምሮብሻል!» አሉኝ። ማሞገሳቸው ነበር። በሰፈራችን ወፈርሽ ማለት ተመችቶሻል፣ ቤታችሁ ሙሉ ነው ማለት ነው። ከዚያ በፊት ቃሉን ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን የፊልሙ በር ትዝ አለኝ። እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ቋንቋውን እንኳ ያልሰማሁት ፊልም፣ አንድ የሙገሳ ቃል በአንድ ሌሊት እንዴት ስድብ አደረገብኝ?

መብላት ተውኩ። ቀላል አልነበረም፤ እናቴ «በሞቴ!» ካለች ንቅንቅ የማትል ሴት ናት። ቁርሴን ለውሻው፣ ምሳዬን ለጓደኞቼ አደል ነበር። እየከሳሁ ስሄድ እናቴ ራሷ መረመረችኝ፤ ለመስቀል ክትፎ በልታለች፣ ስለዚህ ኮሶ ይዟታል አለች።

ኮሶ ተወቅጦ ተበጥብጦ በባዶ ሆዴ ጠጣሁ። ያንገፈግፋል። ግን አንድ ነገር ደረስኩበት፤ ኮሶ የጠጣ ሰው ብላ አይባልም። እስኪሽረው ተኝቶ ይውላል፤ የሚያጎርሰውም የለም። በቤታችን ከጉርሻ የማመልጥበት ብቸኛ ቀን ነበር። ከሰዓት በኋላ እናቴ መጣች።

«ጭንቅላቱ ወጣልሽ?»

የትሉ ጭንቅላት ካልወጣ መልሶ እንደሚያድግ ሁሉም ያውቃል።

«አልወጣም፣ እማዬ» አልኳት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደገመችኝ። አልወጣም አልኳት። በሦስተኛው መጠኑን ጨመረችው።

አስታወከኝ። አላቆመም። ከዚያ ዓይኔ ደበዘዘ። «እማዬ፣ የት ነሽ?» አልኩ። «ይኸው፣ አጠገብሽ!» አለች። አላየኋትም። ጮኸች። አባቴ አቅፎኝ ወደ ታክሲ ሮጠ። ቅለቴ አስደንግጦት አለቀሰ።

ሆስፒታል ግሉኮስ ሰቀሉልኝ። ደሜና ሰገራዬ ላቦራቶሪ ሄደ። ሐኪሙ ውጤቱን ይዘው መጡ።

«እናት፣ ልጅዎ ኮሶ የለባትም። ያለባት የደም ማነስ ነው፤ አኒሚያ ይባላል። ተርባለች። የጠጣችው ኮሶም መርዟታል፤ አንዴ እንኳ ቢጨመር ኖሮ ሊገድላት ይችል ነበር።»

«ተርባለች? እኔ ቤት?» አለች እናቴ። ከመርዙ ይልቅ የወጋት ይህ ነው።

እናቴ «ጭንቅላቱ አልወጣም ስላለችኝ ነው የደገምኳት» ስትላቸው ሐኪሙ ወደ እኔ ዞሩ። «ትሉን አይተሽው ታውቂያለሽ?» «አላውቅም» ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። አልተቆጡም። ወንበር ስበው ለምን እንደዋሸሁ ጠየቁኝ፤ የፊልሙን ነገር ስጀምርላቸው፣ «እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አሉ። ነገርኳቸው።

«ወፍራሟ ልጅ ምን ጨዋታ ትወዳለች?»

«እንጃ።»

«ጓደኛስ አላት?»

«እንጃ።»

«ታዲያ ከመብላቷ ሌላ ምንም አላሳዩሽም ማለት ነው» አሉኝ።

ያቺን ልጅ ከዚያ ወዲያ ደጋግሜ አሰብኳት፤ ቤቷ ማን እንዳለ፣ ስትስቅ ምን እንደምትመስል፣ በሩ ላይ ስትቀረቀር አሟት እንደሆነ፤ እንዲህ እያሰብኩም ከአንድ ማንኪያ አጥሚት ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ ግማሽ ሲኒ፣ ከዚያም ቀስ እያልኩ ወደ ገበታው ተመለስኩ። ሐኪሙ እናቴን «ብዪ አይበሏት፣ አብረዋት ብቻ ይቀመጡ» ስላሏት፣ ለወራት ፊት ለፊቴ ተቀምጣ የሚያጎርሱ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ሸሽጋ ትጠብቀኝ ነበር፤ ለእሷ ከዚያ የከበደ ሥራ አልነበረም። ዛሬ ሐኪሞች በሽታዬን፣ እወፍራለሁ ብሎ በመፍራት ምግብ መተውን፣ አኖሬክሲያ ይሉታል፤ በሰፈራችን ያኔ ስም አልነበረውም።

እኚያን ሐኪም አመሰግናለሁ። እናቴንም አመሰግናለሁ፤ ተሳስታ አጠጣችኝ፣ ሲነግሯት ግን ሰማች። እናንተም ልጃችሁ ፊልም አይታ ስትመለስ «ጥሩ ነበር?» ብላችሁ ብቻ አትለፏት። አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ ማን ላይ እንደሳቀች ጠይቋት። ያን እሁድ ማታ አንድ ሰው ቢጠይቀኝ ኖሮ መልሱን አውቀው ነበር፤ ራሴ ላይ።